ክላክስ የማይነፋው ሾፌር

«ብላ ወንድሜ፣ ብላ የኔ ጌታ» እያለች ቢሶ በሙዝ ቅጠል ላይ ያደረገችውን ሩዝና ዓሣ ወደ ውሻው ታስጠጋለች።

ውሻው በሟቹ ወንበር ሥር ተጋድሟል። ቡናማ ነው፤ አንድ ጆሮው ተቀዷል። ከቀብር መልስ ለቀስተኛው እግሩን እየታጠበ ሲገባ ይሄም ተከትሎ ገባና፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ወንበር ከሁሉ መርጦ ከሥሩ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ቢሶ የሟቹ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችውም እሷ ነች። ስለዚህ ማንም አፍ አውጥቶ ተይ ሊላት አልደፈረም።

ሂን መኒኬ ግን የሟቹ ሚስት ናት። ከጓዳው በር ላይ ቆማ፣ የነጭ ልብሷን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጉጣ አየቻትና፣

«ያ ውሻ ወንድምሽ ከሆነ መጀመሪያ እግሩን ይታጠብ» አለች። «ባሌ በጭቃ እግሩ ቤቴ ገብቶ አያውቅም።»

ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች የሚያኝኩትን ቅጠል በጉንጫቸው ወጥረው ሳቃቸውን ዋጡ።

«ቀልጂ እንግዲህ፣ አንቺ ምን አለብሽ» አለች ቢሶ ቀና ሳትል። «ሰው ተቆጥቶ ከሞተ እንደዚህ ሆኖ በበሩ ይመለሳል። ይህን ከቤቴ አላመጣሁትም፤ ድሮም ሲባል የኖረ ነው።»

«ባሌ የሞተው ማክሰኞ ነው። ይሄ ውሻ ሪዙ ሸብቷል። ውሻ ሸምግሎ ነው እንዴ የሚወለደው?»

አሁንስ ሳቁ አመለጣቸው። ልቅሶ ቤት የሳቀ ሰው ቶሎ ብሎ ይስላል፤ ሁሉም ሳሉ።

ሂን መኒኬን በአፍ የሚረታ ሰው በእኛ መንደር አልተወለደም። ግን ወደ ጓዳ ተመልሳ የዝንጅብል ሻዩን ስትቀዳ ብርጭቆውን ስታ ትሪው ላይ አፈሰሰችው። «ተቆጥቶ ከሞተ» የሚለው ነገር ነው የወጋት። ያን ነገር ከቢሶ በፊት ያሰበችው ራሷ ናት።

ባሏ ቲኪሪ ባንዳ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከመንደራችን እስከ ካንዲ ከተማ፣ በዚያ እንደ እባብ በሚጠማዘዝ ዳገት፣ ዕድሜውን ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። በዚያ መንገድ ክላክስ የማይነፋ ሾፌር እሱ ብቻ ነው። ሌላው ለላም ይነፋል፣ ለቆንጆ ይነፋል፣ ለቤተ መቅደሱ ይነፋል፣ የሚነፋለት ሲያጣ ለራሱ ይነፋል። ቲኪሪ ባንዳ ግን ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ትንፋሹን ይስባል፣ ይታጠፋል። ቢያስፈልግ አንዴ ጢጥ ያደርጋል፤ በቃ። ጎረምሶቹ ከኋላ ወንበር «አያ ቲኪሪ፣ ተኛህ ወይስ ተመሰጥክ?» እያሉ ይጮሁበት ነበር። «ተኝቼ ቢሆን ይሄኔ ገደል ውስጥ ነበርክ» ይላል፣ ዞሮም ሳያይ።

ታዲያ ይህ ሰው በሞተ ዕለት፣ በቀትር፣ ከላይኛው መታጠፊያ ክላክስ ተሰማ። ረጅም ነው። ቆም ይልና ደግሞ ይጀምራል። ሸለቆው በሞላ አስተጋባው። ሂን መኒኬ ጓሮ ቁንዶ በርበሬ እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ «የማን ያበደ ነው! እጁ ይሰበር!» ብላ ተራገመች። ሰዎች ሊነግሯት ሲመጡ ቁንዶ በርበሬው ገና እጇ ውስጥ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ከሁሉ የምትበልጠው የመጨረሻዋ ሐሳቡ ናት። በደግ ሐሳብ የሄደ ደግ ቦታ ይወለዳል፤ በንዴት የሄደውን ንዴቱ ወደ ታች ይጎትተዋል። ለዚህ ነው በሚያጣጥር ሰው አጠገብ ጮክ ተብሎ የማይወራው፣ ጸሎቱም በለስላሳ ድምፅ የሚደገምለት። ቲኪሪ ባንዳ አጠገብ ግን ያ ክላክስ ነበር። መንደሩ ለመፍረድ አልዘገየም። የጭነት መኪና መንገድ ዘግቶበት፣ በንዴት ክላክሱ ላይ ተጭኖ ሲጮህ ልቡ ፈነዳ አሉ። የጭነት መኪናውን ያየ ሰው የለም። ወሬ ደግሞ የሚያይ ሰው አይፈልግም። አውቶቡሱ ከጋራዥ ባዶውን ይመለስ ስለነበር ከሟቹ ጋር የነበረው ረዳቱ ላል ብቻ ነው። ያ ላል ደግሞ ልቅሶም አልደረሰ፣ ቀብርም አልቆመ።

«የሆነ ነገርማ አለ» አሉ ሴቶቹ፣ ሻዩን ፉት እያሉ። «ባይኖርማ ይመጣ አልነበር?»

ሂን መኒኬ ትሪውን አስቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ያን ሁሉ ዓመት ልቡን ከንዴት ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ልቡ አመለጠው ማለት ነው? ያ ሁሉ ድካም ለዚህች ደቂቃ አልነበረም እንዴ?

ልጇ ኒላንቲ ከኮሎምቦ መጥታለች። እዚያ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሠራተኛው እንዳይጨነቅ ተብሎ ተመስጦ የሚያስተምር ሰው ቀጥረውላቸዋል። ስልኳ በየጊዜው እንደ ደወል ቅጭል ሲል ዓይኗን ትጨፍናለች። ስትገልጠው ያው የቅድሟ ኒላንቲ ናት።

«እማ፣ ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል እኮ። አክስቴ የምትለውን አትስሚያት።»

«ልብ መሆኑንማ አውቃለሁ። የምጠይቀው ልቡ ውስጥ ምን ነበረ ነው።»

«ይሄን ማን ሊነግርሽ ይችላል?»

«አንቺ ስልክሽን ጠይቂ። እኔ ሰው እጠይቃለሁ።»

መጀመሪያ የጠየቀችው የቤተ መቅደሱን መነኩሴ ነው። መነኮሳቱ ስለሚበሉበት የሰባተኛ ቀን ምጽዋት ሊነጋገሩ መጥተው ነበር።

«ሰው እንደ አኗኗሩ ይሞታል» አሏት። «አንድ ክላክስ የዕድሜ ልክ ሥራ አያፈርስም።»

«አባ፣ ይሄ ለሰው ባል የሚባል ነው። የኔን ባል ንገሩኝ።»

መነኩሴው ወጣት ናቸው። «የሱንስ አላውቅም» አሉ።

ሂን መኒኬ እሳቸውን ያከበረቻቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ቲኪሪ ባንዳ ሲያገባት እሳት ነበር። መንገድ የከለከለውን ሾፌር አንገቱን ይዞ ከመኪናው ያወረደ ሰው ነው። ክላክሱ ከሁሉ በላይ የሚጮኸውም የሱ ነበር፤ ከታችኛው ድልድይ ሲነፋ እሷ ሩዙን ትጥድ ነበር። አንድ የሙሉ ጨረቃ በዓል ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ሲሄዱ፣ ያኔ የነበሩት ሽማግሌው መነኩሴ ፊት ተንበረከከና «አባ፣ ንዴቴ ሊገድለኝ ነው» አለ። «እንደ ሌላው ሰው ቁጭ ብዬ ልቤን እንዳልጠብቅ ጊዜ የለኝም።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«አውቶቡስ እነዳለሁ።»

«ከንጋት እስከ ማታ ቁጭ ብለህ ትውላለህ፤ ደግሞ ቁጭ የምልበት ጊዜ የለኝም ትላለህ?»

ሂን መኒኬ ከኋላ ሆና ሳቀች። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። መታጠፊያ ስትደርስ አንዲት ትንፋሽ እወቅ አሉት፤ ስትገባና ስትወጣ። ንዴት ሲመጣ «ንዴት መጣ» በለው። ድምፅ ሲመጣ «ይሰማል» በለው። በስሙ የተጠራ እንግዳ ሻይህን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ስሙን ያልጠየቅኸው ግን ቤቱ የሱ ይመስለዋል።

ዳገቱ ላይ ያለው መታጠፊያ ብዛቱ የጉድ ነው። ቲኪሪ ባንዳም በየመታጠፊያው አንዲት ትንፋሽ፣ ሲመለስ ደግሞ በየመታጠፊያው አንዲት። ዝናብም ቢሆን ሠርግም ቢሆን። መጀመሪያ ክላክሱ ቀነሰ፣ ከዚያ ስድቡ ቀነሰ። በኋላ ቤት ውስጥም አመጣው፤ ሂን መኒኬንም ያንገበገባት ይሄ ነው። እሷ ለመጣላት ስትዘጋጅ የሚጣላት አጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጣሪያው ያፈሳል እያልኩህ ነው!»

ቲኪሪ ባንዳ የግራ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ «ይሰማል… ይሰማል…»

«የሚሰማማ ይሰማል! መሰላሉን አንሣ!»

ቅር ሳይለው ይነሣል። በዚያ ዶፍ ዝናብ መሰላሉን አቁሞ ወጣ፤ እሷ ከታች መሰላሉን ይዛ ትጮሃለች። ከላይ ደግሞ የሱ ድምፅ ይመጣል። «ይረጥባል… ይረጥባል…»

ያን ቀን ሳቋን እንዳያይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተመስጦ ማለት ከሥራ መሸሻ እንዳልሆነ ያወቀችው ያን ቀን ነው፤ ጣሪያው ከዚያ ወዲህ አላፈሰሰም። ለሱ ግን አልነገረችውም። ባል ልክ ሆነሃል ሲባል ይበላሻል።

ከምጽዋቱ በፊት በነበረው ጠዋት ሂን መኒኬ ጃንጥላዋን አነሣች።

«ለቀስተኛ እየመጣ የት ልትሄጂ ነው?» አለች ቢሶ።

«ለቀስተኛውን አንቺና ወንድምሽ ተቀበሉልኝ።»

ውሻው ጅራቱን አንዴ ወለሉ ላይ መታ። ቢሶ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የተቀደደውን ጆሮ ዳሰሰችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ሂን መኒኬ፣ ሞኝ አይደለሁም» አለች። «ውሻም ሆኖ ቢሆን፣ እቤት ይኑርልኝ ብዬ ነው።»

ሂን መኒኬ ይህን አልጠበቀችም። በሩ ላይ ቆይታ፣ «ዓሣውን አጥንቱን አውጪለት፣ ያንቀዋል» ብላ ወጣች። ኒላንቲ «እማ፣ ብቻሽን አትሄጂም» ብላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተከተለቻት።

ላልን ከጋራዡ በስተጀርባ፣ ከትልቁ የማንጎ ዛፍ ሥር አገኙት። አውቶቡሱን ያጥባል። አውቶቡሱ የታጠበ ነው፤ ያበራል፤ እሱ ግን ደግሞ ያጥባል። የአዋቂ ሰው ጢም አለው፣ የልጆች አባት ነው፤ እሷን ሲያይ ግን ጨርቁን ጥሎ እንደ ሕፃን ከጎማው ኋላ ሊደበቅ ቃጣው።

«ላል! ና ውጣ። አንተ ሳትመጣ ስትቀር እኔ መጣሁ። ለቀስተኛው ማን፣ ሐዘንተኛው ማን እንደሆነ አጠፋህብኝ።»

«እትዬ… ፊትሽን ማየት አልቻልኩም።»

«ፊቴን አላይ ብለህ ነው መኪናውን የምታሸው?»

መልስ ሳትጠብቅ በአውቶቡሱ በር ገባች። ያን ሁሉ ዓመት በሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ተቀመጠች። ከፊት ለፊቷ የጌታ ቡድሃ ሥዕል፣ ከሥሩ የደረቀ ጃዝሚን አበባ። የወንበሩ ስፖንጅ የሱን ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል። መሪውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከዚያ መዳፏን ክላክሱ ላይ አድርጋ ተጫነች።

ድምፅ የለም። ደግማ ተጫነች።

«ይሄ ምን ሆነ?»

«ቆረጥኩት» አለ ላል ከበሩ ሥር። «ገመዱን። ዳግመኛ እንዳልሰማው ብዬ።»

ከዚያ ሳትጠይቀው ተናገረ። ዳገቱን ሲወጡ ቲኪሪ ባንዳ ደረቱን ያዘ። «ላል፣ አመመኝ» አለ። አልተቻኮለም። ማርሽ ቀነሰ፣ ወደ ተራራው ጥግ አስጠጋ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ «ውረድና ታኮ አድርግ» አለው። ላል ድንጋዩን ከጎማው ሥር አድርጎ ሲመለስ ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ ወንበሩን ተደግፏል።

«ስልክ እዚያ መታጠፊያ ላይ አይሠራም፤ ታውቂያለሽ እትዬ። የሻይ ለቃሚዎቹ ይሰሙ እንደሆን ብዬ ክላክሱን ያዝኩት። እኔ ነኝ። እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። በጆሮው ሥር ጮህኩበት። ሌላው ሰው ጸሎት እየሰማ ይሞታል፤ አያ ቲኪሪ ክላክስ ጠልቶ ኖሮ በክላክስ ሞተ። የመጨረሻ ሐሳቡን ያበላሸሁበት እኔ ነኝ። እንግዲህ በምን ፊቴ ልምጣ?»

ኒላንቲ አፏን በእጇ ያዘች። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ቅጭል አለ፤ ማንም ዓይኑን አልጨፈነም።

ሂን መኒኬ ከመሪው ላይ እጇን አላነሣችም። «ተቆጥቶ ነበር?» አለች።

«ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ተው የሚለኝ መስሎኝ ለቀቅ አድርጌ ጠጋ አልኩ። ተው አላለኝም።»

«ምን አለ?»

«‹ይሰማል፣ ይሰማል› ይላል። ለኔ አይደለም፤ ለራሱ። እኔም ሰው አልመጣ ሲል ደግሞ ያዝኩት። እንደዚያው እንዳለ…»

ላል አልጨረሰውም። ሂን መኒኬ ቀስ ብላ ወደሱ ዞረች። የግራ ቅንድቧን ከፍ አደረገች።

«ፊቱ እንዲህ ሆኖ?»

«አዎ» አለ ላል ደንግጦ። «ልክ እንዲህ።»

ያኔ ሳቀች። የሳል ሽፋን የሌለው፣ ሙሉ ሳቅ ነው። ጋራዡ ውስጥ ያሉት መካኒኮች ከመኪና ሥር ራሳቸውን አወጡ፤ ኒላንቲ እናቷ ያበደች መስሏት ክንዷን ያዘቻት።

«ልቀቂኝ፣ ደህና ነኝ» አለች ሂን መኒኬ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «ላል፣ አንተ ጅል። በዚያ ክላክስ ልቡን ያናወጥክበት መስሎህ ነው? እኔ ከተጋባን ጀምሮ በጆሮው ሥር ስጮህበት ኖሬያለሁ! ስለ ጣሪያው፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ጫማው። ያ ክላክስህ ከኔ አይብስም። መነኩሴው አስተማሩት እንጂ ያለማመድኩት እኔ ነኝ። ጸጥታ ውስጥማ ማንም ይሞታል።»

ላል መሬቱን እያየ አለቀሰ። ትንሽ እንዲያለቅስ ተወችውና ጃንጥላዋን መቀመጫው ላይ ጠቅ ጠቅ አደረገች።

«አሁን ገመዱን መልስ። በዚያ ገደል ላይ ክላክስ የሌለው መኪና ሰው ይፈጃል፤ የባሌን ስም በዚህ እንዳታስነሣ። ነገ ደግሞ ለምጽዋቱ ትመጣለህ። ነጭ ልብስ ከሌለህ ከሱ እሰጥሃለሁ፤ ሱሪው ያጥርሃል እንጂ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ቢሶ በረንዳው ላይ ትጠብቅ ነበር። ሂን መኒኬ ሁሉንም በዚያው በበሩ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ያሉት ሴቶች እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነገረቻት። ሴቶቹ ማኘካቸውን ተዉ። ቢሶ ሰምታ ሰምታ በመጨረሻ፣

«ታዲያ ውሻው?» አለች።

«ውሻው ውሻ ነው። እራት ስጪው፤ ይኑር።»

በማግስቱ መነኮሳቱ መጡ፤ እግራቸው ታጠበ፤ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነው መቀመጫ ላይ ተደረደሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያበስል አድሯል፤ የጃክፍሩት ወጡ፣ ምስሩ፣ ቲኪሪ ባንዳ የሚወደው ዓሣ ሁሉ ቀርቧል። በልተው ሲጨርሱ የውኃው ሰዓት ደረሰ። ቤተሰቡ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ማንቆርቆሪያውን በጋራ ይይዛል፤ ውኃው ጽዋውን ሞልቶ ወደ ሳህኑ እስኪፈስ ድረስ ሳያቋርጥ ያንቆረቁራል። የምጽዋቱ በረከት ለሞተው የሚደርሰው እንደዚያ ነው።

ሂን መኒኬ ያዘች። ኒላንቲ ያዘች። ቢሶ ያዘች። ላል ባጠረ ሱሪ ከበሩ አጠገብ ተለጥፏል።

«አንተ ደግሞ ምን ትጠብቃለህ?» አለች ሂን መኒኬ። «ና፣ እጅህን እዚህ።»

«እኔ ዘመድ አይደለሁም እትዬ።»

«ከኔ ይልቅ ከሱ ጋር የዋልከው አንተ ነህ። ና።»

መጥቶ ተንበረከከ፤ ጣቶቹን በማንቆርቆሪያው እጀታ ላይ አሳረፈ። መነኮሳቱ ጸሎቱን ጀመሩ። ውኃው በቀጭኑ መውረድ ጀመረ፤ ጽዋው ግማሽ ሆነ፣ ከግማሽ አለፈ።

ያኔ ከላይኛው መታጠፊያ ክላክስ ተሰማ። የቀትሩ አውቶቡስ ነው፤ አዲሱ ሾፌር ገና መንገዱን አልለመደም፤ ረዘም አድርጎ ነፋ። በረንዳው ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ውሻው ብድግ አለ። ላል እጁን ሊስብ ቃጣው፤ የውኃው ክር ተጣመመ፤ ማንቆርቆሪያው ሊያመልጥ ሆነ።

ሂን መኒኬ እጇን በእጁ ላይ አደረገችና ጫን አድርጋ ያዘችው። ዓይኗን ከጽዋው አላነሣችም። የግራ ቅንድቧ ከፍ አለ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ያ ሁሉ ጸሎትና ያ ሁሉ ክላክስ እያለ፣ ከጎኗ ያለችው ኒላንቲ ብቻ ሰማቻት።

«ይሰማል» አለች። «ይሰማል።»

ውኃው ጽዋውን ሞልቶ ወደ ሳህኑ ፈሰሰ፤ ሳህኑንም ሞልቶ ወደ ምንጣፉ፣ ወደ ጉልበቷ። መነኩሴው ይበቃል በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ግን ማንቆርቆሪያው ባዶ እስኪሆን ድረስ እጇን አላነሣችም።